ሁለት ጨረርና የበረንዳዬ ባልቦላ

በረንዳዬ ግድግዳ ላይ ያለውን ባልቦላ ሳይ እጄን ነጠላዬ ውስጥ እከታለሁ። የሚከሰኝ የለም። ራሷ የልጄ ልጅ እንኳ አልከሰሰችኝም። ያስቸገረኝም ይኸው ነው።

ፍኖተ ሰላም ባለው ግቢያችን ያለው ቆጣሪ አንድ ነው፤ የሚጠቀምበት ግን ብዙ ነው። መንገድ ዳር፣ ከአጥሩ ጋር ተያይዛ፣ አንዲት የብየዳ ቤት አለች። ከውስጥ የእኔ ቤትና የተከራዮቹ ክፍሎች አሉ። የብየዳው ማሽንና የቤቶቹ ምድጃ አንድ ላይ ከሠሩ ቆጣሪው አይችልም። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ብየዳ ባለ ጊዜ የቤቶቹን ባልቦላ እነቅላለሁ፤ ብየዳው ሲያበቃ እመልሳለሁ። ከእኔ በቀር የሚነቅልም የሚመልስም የለም።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። "ብየዳ ሲኖር ምድጃ አታብሩ" ብቻ ነበር ያልኩት። ሁሉም እሺ አለኝ፤ ሁሉም በሩን ዘግቶ አበራ። አንዱ ተከራይ እንዲያውም ከብየዳ ቤቱ በጣሪያ ላይ ገመድ ስቦ ሽሮውን ሲያንተከትክ ነው ቆጣሪው የተቃጠለው። በኩራዝ ሰነበትን። ከዚያ ወዲህ ከብየዳ ቤት ገመድ መሳብ ክልክል ሆነ። ባልቦላውም ሲነቀል ለሁሉም ይነቀላል፤ ለእኔም ጭምር። ወጥ ጥጄ በራሴ ላይ የነቀልኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ማካፈል ግን አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር። አዲስ ሙሽራ ሆኜ ከጅጋ ወዲያ ገጠር ስኖር፣ ከላይ ያለው ባለ ማሳ ወንዙን ጠልፎ ድንቹን እስኪበቃው ያጠጣና የተረፈውን ጭቃ ወደ እኛ ይለቅ ነበር። ሽማግሎቹ ከላይ ያለው ይቅደም አሉ። እኔ ዶማዬን ይዤ ሄጄ ቦዩ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ በእፍረት ሊሞት ደረሰ። "ተራ ካልወጣ አልነሣም" አልኩ፤ ተራ ወጣ። እስከ ዛሬ እዚያ ቦይ ላይ ውኃ በተራ ይሄዳል። ሰው ይህን እያነሣ ሲያመሰግነኝ ኖሯል፤ ምስጋናውም ሳይታወቀኝ ለመደብኝ።

የልጄ ልጅ ባሕር ዳር ፊዚክስ ትማራለች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋ ነው። እኔን ልትጠይቅ መጥታ መንገድ ተዘጋባት። ላፕቶፗን ይዛ ስለነበር ጓዳዬ ውስጥ፣ ከእህል ጆንያዎቹ አጠገብ፣ አንድ ጠረጴዛ ሰጠኋት። እሷ ወጥታ ስትገባም፣ ስትበላም፣ ያ ማሽን እንደ ንብ ቀፎ ይጉረመረማል።

"ምንድን ነው ያለ ዕረፍት የሚያጉረመርመው?" አልኳት።

"ሒሳብ እየሠራ ነው እማማ።"

"ምን ያለ ሒሳብ ነው ይህን ያህል የማያልቅ? ሰው ቢሆን ከትምህርት ቤት ይባረር ነበር።"

ሳቀች። ሳቋ የእናቷ ነው። የሁለታችንንም ስልክ ይዛ ወደ ጓዳ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። ከጤፉ ጆንያ ትንሽ አቧራ አራገፈችና የሁለቱን ስልኮች ባትሪ መብራት አበራች። አቧራው ውስጥ ሁለት የብርሃን መንገድ ታየ። አንዱን በሌላው ላይ አሻገረችው።

"ተነካኩ?" አለችኝ።

አየሁ። አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ በየመንገዱ ቀጠለ። "አልተነካኩም" አልኳት።

"ደካማ ብርሃን እንዲህ ነው፤ ማንንም ሳይነካ ያልፋል። የእኔ ግን በጣም ብርቱ ነው። ሌዘር ነው። የሚያልፈውም በአየር ውስጥ አይደለም፣ በፕላዝማ ውስጥ ነው።"

ፕላዝማ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። የብየዳውን ነበልባል አይተው ያውቃሉ ወይ አለችኝ። ማን ያየዋል፣ ዓይን ያጠፋል አልኳት። "እሱ ነው" አለች። ግለቱ ሲበረታ አየሩ እንደ አየር መሆን ያቅተዋል፤ ከየቅንጣቱ ኤሌክትሮኑ እየተላቀቀ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ሌላ ነገር ይሆናል። መብረቅም እንደዚያው ነው አለች።

ከዚያ ስለ ውኃ ጠየቀችኝ። ትንሽ ውኃ በማሳ ላይ ብለቅ ምን ይሆናል? ፈስሶ ይሄዳል፣ መሬቱ እንደነበረ ይቀራል። ጎርፍ ብለቅስ? መሬቱን ይቆርጣል፤ ከቆረጠ በኋላ ደግሞ ራሱ በቆረጠው ይሄዳል። "ብርቱ ብርሃንም ፕላዝማውን ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ፕላዝማ ደግሞ ተመልሶ ብርሃኑን ያጣምመዋል" አለች። "ስለዚህ ብርሃኑን እጥፍ ባደርገው ነገሩ እጥፍ ሆኖ አይመጣም። ሌላ ጠባይ ያወጣል። ሒሳቡ የማያልቀው ለዚህ ነው።"

"ሁለቱ ሲሻገሩስ?"

"ሲሻገሩ ፕላዝማው መሃል ላይ ሞገድ ያስነሣሉ። ያ ሞገድ ካንዱ ወስዶ ለሌላው ይሰጣል። አንዱ ወፍሮ፣ አንዱ ከስቶ ይወጣል።"

"ሌባ ነዋ!"

"አይ እማማ፣ አንዱ አንዱን አይሰርቅም። መሃላቸው ያለው ነገር ነው የሚያሻግረው።"

"ተቀባይም ቢሆን ሌባ ነው" አልኩ። እንዲህ ነኝ።

ነገሩ ለምን እንደሚፈለግ ስትነግረኝ ግን ወደድኩት። የፀሐይን ዓይነት እሳት በምድር ላይ ለማንደድ የሚደክሙ ሰዎች አሉ። ምስር የምታህል ነገር ያስቀምጡና ከየአቅጣጫው በብዙ ጨረር ይጫኗታል። ጭነቱ ከሁሉም በኩል እኩል ካልሆነ በደከመው በኩል ትፈነጥቅና ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ጨረሮቹ ሲሻገሩ አንዱ ካንዱ እየወሰደ እኩልነቱን ያበላሸዋል። የእሷ ሒሳብ ምን ያህል እንደሚወስድ ማወቅ ነው።

በዚያው ዕለት ለወተት ሻጯ ተከራዬ ነገርኳት። "የእኔ ልጅ የምታጠናው እኩልነት ነው" አልኳት። ወተት ሻጯ ጆጓን እያጠበች "ከእርስዎ ሌላ ከማን ትወርሳለች እትዬ" አለችኝ። እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ስለዚህች ሴት አንድ ነገር ልናገር። ፍሪጅ አላት፤ ወተት ከገበሬዎች ተቀብላ ትሸጣለች። ከፋሲካ በኋላ፣ ሰው ወተት በሚፈልግበት ሰሞን፣ የብየዳ ሥራ በዝቶ "እትዬ፣ ፍሪጄን ብቻ፤ ምድጃዬን ከፈለጉ ይዘው ይሂዱ" ብላ ለምናኝ ነበር። ነቀልኩ። ወተቷ ተበላሸ። ፊቴ አምጥታ ከደጄ ባለው ቦይ ውስጥ ደፋችው። ነጭ ሆኖ ሲወርድ አብረን ቆመን አየነው። እኔም ሕግ ሕግ ነው ብዬ ገባሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። በዚያ ሰሞን የብየዳ ቤቱን የተከራየው በያጅ ሥራ አልነበረውም፤ ብረት ከቡሬ የሚመጣበት መንገድ ተዘግቷል። እንደ ተአምር የከተማው መብራትም ብዙ አልጠፋም። ቢጠፋም ቶሎ ይመለሳል፤ ለዚያች ጊዜ የላፕቶፑ ያረጀ ባትሪ ይሸከመዋል። ከዚያ በላይ አይችልም። ልጅቷ ማሽኑን እንደ አራስ ትጠብቀው ነበር። ሒሳቡ አልቆ ውጤቱን በዚያ ሳምንት ለአስተማሪዋ ካልላከች፣ ፈታኞቿ ፊት የምትቀርብበት ቀን ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ይህን ነግራኛለች። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

አንድ ጠዋት እስከ ቡሬ መንገድ ተከፈተ ተባለና አይሱዙ መጥቶ ብረት አራገፈ። በያጁ፣ የጅጋ ልጅ ነው፣ ፊቱ እንደ በዓል በርቶ በአጥሩ ብቅ አለ።

"እናቴ፣ እግዜር ይመስገን፣ ዛሬ ሥራ አለኝ። የወፍጮ ቤት በር ነው።"

ወደ ባልቦላው ተነሣሁ። ልጅቷ ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

"እማማ፣ ዛሬን ይተዉልኝ። ነገ ጠዋት ያልቃል።"

"ብየዳ አለ።"

"የእኔ እኮ ካንዲት አምፖል ብዙም አይበልጥም።"

"አምፖልም ይጠፋል።"

በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲሰማን ቆየ። "ይተዉላት እናቴ" አለ። "ምድጃ ካልተለኮሰ እኔን ምንም አይነካኝም። ካልሆነም ከእኔ ዘንድ ገመድ ልሳብላት።"

"ገመድ መሳብ ክልክል ነው።"

"እኔ ነኝ እኮ የምስበው!"

"አንተም ብትሆን።"

ወተት ሻጯ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ጨርቅ በእጇ ይዛ፣ ጆጉን ማጠቧን ትታ፣ እኔን ታያለች። ያ በቦይ የወረደ ወተት ትዝ አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለእሷ እንዲሰማ፣ "ለሌላው ያልሆነ ለልጄ ልጅ አይሆንም!" አልኩና ነቀልኩት።

ልጅቷ ወደ ጓዳ ተመልሳ ገባች። ላፕቶፑን እንደተከፈተ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው በሁለት እጇ ደግፋ፣ ከግቢው ሮጣ ወጣች። ባጃጅ ስትጠራ ድምፅዋን ሰማሁ። ካፌ ደርሳ ልትሰካው ነው። ከበረንዳው ሆኜ በሩን አየሁት። ከመንገድ ዳር የብየዳው ድምፅ አልጀመረም። በያጁም ቆሞ በሩን ያይ ነበር።

ስትመለስ በእግሯ ነው። ላፕቶፑን ዘግታ በነጠላዋ ጠቅልላዋለች።

"ጠፋ?" አልኳት።

"ካፌው በር ላይ። ገመዱን ላወጣ ስል ጠፋ።"

"እስከ የት ድረስ?"

"ሁሉም ሄደ። ጥፋቱ የእኔ ነው እማማ። በየመሃሉ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነበረብኝ። ያዘገየዋል ብዬ ተውኩት።"

"የእኔ ነው በይ" አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

"እርስዎማ ሕጉን ነው የጠበቁት" አለችና ድንች የተቀመጠበትን ሰፌድ ሳበች። ቢላ አንሥታ መላጥ ጀመረች። ልጣጩን እጅግ ስስ አድርጋ፣ ሳይቆረጥ፣ አንዱን ድንች ጨርሳ ሌላውን ታነሣለች። እንባ የለም። እኔ ደግሞ የሚላጠውን እያየሁ፣ ሕግ ሕግ ነው የምትለዋን ቃሌን በሆዴ ደጋገምኳት። እንደ ድሮው አልያዘችልኝም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። በያጁ ማዕዘን እየለካ ነው። በሩ ላይ ቆሜ "ደግ አደረግሁ ወይስ ክፉ?" ብዬ ጠየቅሁት። ያለ ሰላምታ።

ሜትሩን ጠቀለለ። "እኔ ምን ልበልዎ። የወፍጮ ቤት በር ነገም ይበየዳል፣ ከነገ ወዲያም። ለእኔ ብለው ነው የነቀሉት፤ እኔን ግን አልጠየቁኝም። እንዲያውም ይተዉላት ብዬ ነበር።"

"ሕጉ ላንተም ነው የወጣው።"

"ታዲያ ባለ ጉዳዩ ትቼዋለሁ ካለ ሕጉ የማን ነው?"

ከበሩ ዞር አልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ነገሩ ገባኝ። ለበያጁ ብዬ አልነቀልኩም። ለወተት ሻጯ ዓይን ነው የነቀልኩት። አንዲት ሴት "ለራሷ ሲሆን ታዳላለች" እንዳትለኝ ብዬ የልጄን ልጅ ዓመት ከባልቦላው ጋር ነቀልኩት። ያን ዕለት ያሻገርኩት ነገር ካለ፣ ከልጅቷ ወስጄ ለስሜ ነው የሰጠሁት።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። በሕይወቴ የሰው ተራ ለምኜ አላውቅም። "ሒሳቡን እንደገና ልታስጀምረው ነው" አልኩት። "ተራህን ስጠኝ።"

ተሳለቀብኝ፤ ይገባኛል። "እናቴ! ክልክል አይደለም እንዴ? ባልቦላው አይቆጣም?"

"ተሳለቅ። ብቻ ስጠኝ።"

"ወሰዱት እንጂ ምን ልሰጥዎት። ሞረድ አለኝ፣ መጋዝ አለኝ። እስኪያልቅላት በእጄ የሚሠራውን እሠራለሁ።"

ባልቦላውን መለስኩ፤ ልጅቷም ጀመረች። በዚህ ጊዜ በየመሃሉ እንዲያስቀምጥ አዘዘችው፤ ያዘገየዋል፣ ግን ይሁን አለች። እኔም በረንዳው ላይ፣ ባልቦላው ሥር ተቀምጬ ስፌቴን እሰፋለሁ። ከጓዳ ማሽኑ ያጉረመርማል። ከመንገድ ዳር የበያጁ ሞረድ ብረቱን ሲፍቅ ይሰማኛል፤ ያ ድምፅ ከማንም መብራት አይወስድም። እየፋቀ ሰው ሲጠይቀው "የእናቴ ተራ ነው" ይላል። ያፌዝብኛል። ግን የወፍጮ ቤቱ ሰው መጥቶ በሩ ዘገየ ብሎ ሲቆጣው ሰምቻለሁ፤ የኔን ነገር አላነሣም።

ወተት ሻጯ ግን አነሣች። ጆጓን ይዛ መጣችና ከፊቴ ቆመች።

"እትዬ፣ ብየዳ ቆመ አሉ?"

"ቆመ።"

"ለልጅቷ?"

"ለልጅቷ።"

"ደግ ነው" አለች። "የእኔ ወተት ጊዜ ግን ሕግ ነበር።"

እውነቷን ነው። መንቀሌም በደል ሆነ፤ አለመንቀሌም በደል ሆነ። ካሣ ልስጥሽ ማለት ፈለግሁ፤ እንዴት ተብሎ እንደሚነገር አላወቅሁም። ነጠላዬን አስተካከልኩ። እሷም ጆጓን እንደያዘች ሄደች።

ለበያጁ ይህንኑ ነገርኩት። ማንንም ሳልበድል እንዴት ላድርገው አልኩት። ሞረዱን አስቀመጠ።

"ባልቦላውን ሁለት ማድረግ ነዋ። ምድጃዎቹ ለብቻ፣ ፍሪጁና አምፖሉ ለብቻ። እኔ ስበይድ የምድጃውን ብቻ ይነቅላሉ። ሽቦ ነው የሚፈልገው።"

"ይህን ለምን አልነገርከኝም?"

"ከገባሁ ጊዜ ጀምሮ ስነግርዎ! 'ሁለት ከሆነ ማን ይጠብቀዋል፣ እየሰረቁ ምድጃቸውን ይሰኩበታል' ብለው አባረሩኝ።"

ብዬ ነበር። ቃሌን በራሴ ድምፅ ሰማሁት።

ልጅቷ ሒሳቡን ከደረሰበት አስቀምጣ ማሽኑን አጠፋችለት፤ ሠራው። ከቁርስ በኋላ ጀምሮ ለምሳ ደረሰ። ሁለት ነጭ ባልቦላ ጎን ለጎን ግድግዳዬ ላይ ሆኑ። ይህን ያህል ዓመት የተጣላንበት፣ ወተት የፈሰሰበት፣ የልጅቷ ዓመት የሄደበት ነገር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

የልጅቷ ሒሳብ አለቀ። ያለቀው ግን ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ነው። አስተማሪዋ ውጤቱ ጥሩ ነው አላት፤ ፈታኞቹ ፊት የምትቀርበው በሚቀጥለው ዓመት ነው አላት። ስልኩን ዘግታ ሥዕሉን አሳየችኝ። ሁለት የብርሃን ሸንተረር ተሻግረዋል፤ አንዱ ወፍሮ ወጥቷል፣ ሌላው ቀጥኗል።

"ይኼኛው?" አልኩ፣ ቀጭኑን ነክቼ። "ምን ይሆናል?"

"መንገዱን ይቀጥላል። የሰጠውን ሰጥቶ።"

"ማንም አልጠየቀውም?"

አየችኝ። "አይጠየቅም እማማ። ብርሃን ነው።" ከዚያ ትከሻዬን አቅፋ፣ "እርስዎ ግን ይጠይቃሉ" አለች። ልታጽናናኝ ነው፤ ነገሩ ግን ጎኔን ወጋኝ። እኔም ሳልጠይቅ ነው የወሰድኩት። መንገዱ ሲከፈት ወደ ባሕር ዳር ሄደች። እስከ መናኸሪያው ሸኘኋት። ላፕቶፑን እኔ ያዝኩላት።

ከሄደች በኋላ በያጁ የወፍጮ ቤቱን በር ሊበይድ ማሽኑን አስነሣ። ተነሣሁና የምድጃዎቹን ባልቦላ ብቻ ነቀልኩ። ሌላኛውን በጣቴ ነክቼ ተውኩት። ዞር ስል ወተት ሻጯ በሯ ላይ ናት።

"የእኛን አይነቅሉም?" አለችኝ።

"አልነቅልም።"

ከበሯ ውስጥ የፍሪጁ ድምፅ ይሰማል። ሰማችው፤ እኔም ሰማሁት።

"ያኔም አለመንቀል ይቻል ነበር ማለት ነው?"

ብዙ መልስ ነበረኝ። ስለ ቆጣሪው፣ ስለተሳበው ገመድ፣ በሩን ዘግቶ ምድጃ ስለሚያበራው ሰው ሁሉ መናገር እችል ነበር።

"ይቻል ነበር" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ገባች። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። እኔም የነቀልኩትን ባልቦላ በእጄ እንደያዝኩ፣ ብየዳው እስኪያበቃ፣ በረንዳው ላይ ቆየሁ።